የድሮ አይቢኤም ኪቦርድ የሚጠግን ጠቁሙኝ (አዲስ አበባ)

ቀጭቀጭ፦ ሰላም ቤተሰብ። አንድ መሥሪያ ቤት ያስወገደውን ዕቃ በጨረታ ሲሸጥ የአይቢኤም ኪቦርድ ገዛሁ። እንደ ድንጋይ ይከብዳል፤ ሲጽፉበት ጎረቤት ይሰማል። ሦስት ፊደል ግን ሞቷል። ዓይነቱን በምን ልለየው? የትስ ላሠራው?

ባለ ካቻቢቴ፦ ገልብጠው። ጀርባው ላይ የዕቃ ቁጥርና የተሠራበት ቀን ያለበት ወረቀት ተለጥፏል። ቁጥሩን ጻፍልን።

የመርካቶ ልጅ፦ ሙዚየም ልትከፍት ነው? አዲስ ግዛና ተገላገል።

ሳሪስ፦ ሱቅ እንዳታምን! ለአንድ ቁልፍ ብዬ ላፕቶፔን አንድ ቦታ ሰጠሁ። ቁልፉ ተሠራ። ቤት ገብቼ ስከፍተው 8 ጊጋ የነበረው ራም 4 ሆኗል።

ጉድ ፈላ፦ የት ነው? በውስጥ ላክልኝ።

እመቤት 21፦ ለእኔም። ባትሪዬን የቀየሩብኝ እነሱ ሳይሆኑ አይቀሩም።

አራዳው፦ ፒያሳ ያሉት ጋሼ ጋ ውሰደው። ከእሳቸው ሌላ ሰው የለም።

የመርካቶ ልጅ፦ የቱ ፒያሳ? ከፈረሰ ወዲህ አልፈህበት ታውቃለህ?

አራዳው፦ አራት ኪሎ ገብተዋል አቦ።

ባለ ካቻቢቴ፦ እንዲህ ያለ ኪቦርድ ሠርተውልህ ያውቃሉ?

አራዳው፦ ፕሪንተር ሠርተውልኛል። በቃ፣ እጃቸው ወርቅ ነው።

ቀጭቀጭ፦ ቁጥሩ 1391406 ይላል።

ባለ ካቻቢቴ፦ ሞዴል ኤም ነው፣ የእንግሊዝ አቀማመጥ። 3 ቁጥር ላይ የፓውንድ ምልክት ታያለህ። ሞዴሉ የወጣው በ1985 እ.ኤ.አ. ነው። ማንም ጋ ከመውሰድህ በፊት በምን እንደሰካኸው አስብ። ወደ ዩኤስቢ የሚቀይረው ርካሽ ገመድ ብዙ ጊዜ አይስማማውም። ክቡ የፒኤስ/2 ቀዳዳ ያለው ዴስክቶፕ ላይ ሞክረው፤ ኮምፒውተሩን አጥፍተህ ሰካ። እዚያም ካልሠሩ የፊደሎቹን ክዳን ንቀልና ስፕሪንጉን እይ። አንዳንዴ ከቦታው ያፈነግጣል። ስትነቀንቀው ውስጡ ፍርፋሪ ከተንኮሻኮሸ ግን ከኋላ ያለውን ብረት የያዙት ፕላስቲኮች ተሰብረዋል። በትንንሽ ቡሎንና ዳዶ ይተካሉ። ሥራው ትዕግሥት ይፈልጋል እንጂ ከባድ አይደለም። ሽፋኑን ደግሞ ካቻቢቴ አይከፍተውም (ስሜን አትዩ)። ብሎኖቹ ጉድጓድ ውስጥ ስለሆኑ ቀጭን 5.5 ቡሶላ ፈልግ።

ሰላም 7፦ የአማርኛ ፊደል ስቲከር የት ይገኛል?

የመርካቶ ልጅ፦ መርካቶ።

እመቤት 21፦ ርካሹን እንዳትገዢ፣ ወዲያው ይላጣል።

ጉድ ፈላ፦ ሳሪስ፣ ራሙን አስመለስክ?

ሳሪስ፦ ያለ ደረሰኝ ማን ይሰማኛል?

አራዳው፦ መጀመሪያውኑ ጋሼ ጋ ብትወስደው ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር።