ጃፓን ያላችሁ፣ ለለቅሶ ፖስታው ላይ ምን ልጻፍ?

ቶኪዮ አብራኝ የምትሠራ ልጅ አባቷ አርፈዋል። ነገ ማታ «ኦትሱያ» አለ፤ ከቀብሩ በፊት ያለው የስንብት ምሽት ማለት ነው። «ጎሹሾሳማ ዴሺታ» ማለቱን (እንደኛ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ነው) ለምጃለሁ፤ ድምፅ ዝቅ ተደርጎ ነው የሚባለው፣ እንደኛ ደረት መምታት የለም።

የጨነቀኝ የለቅሶ ገንዘብ የሚሰጥበት ፖስታ ነው። ጥቁርና ነጭ ክር ያለውን ገዛሁ፣ ላዩ ላይ «ጎሬይዜን» ይላል፤ «በሟቹ መንፈስ ፊት» እንደማለት ነው። ቤተሰቡ ግን የጆዶ ሺንሹ ቡድሂስቶች ናቸው፤ እነሱ ዘንድ «ጎቡትሱዜን» («በቡድሃ ፊት») ነው የሚጻፈው አሉኝ። ልቀይረው?

ውስጡ 5,000 የን አለ። 4 እና 9 ቁጥር አይወደዱም፣ አዲስ ብርም ነውር ነው፤ ስለዚህ አጥፌዋለሁ።

ስሜንስ፣ እንባ ያቀጠነው በሚመስለው ፈዛዛ ቀለም፣ በካታካና፣ ማለትም የውጭ ስም በሚጻፍበት የጃፓን ፊደል፣ ብጽፈው ያስቀይማል? ካርዱ ላይ «ናጌኪ» የሚለውን የሐዘን ቃል ባስገባስ ይከብዳል?

እባካችሁ፣ እስከ ነገ ከሰዓት መልሱልኝ።