ላፕቶፗ ከአንዱ አካውንት ወደ ሌላው ስንቀይር ድርቅ ትላለች፣ መፍትሄ ያለው?

ሂሳብ_ሰሪዋ፦
ሰላም ቤተሰብ፣ ቤት ያለችው ላፕቶፕ አንድ ናት፣ ከታናሽ ወንድሜ ጋር ነው የምንጋራት። ዊንዶውስ 10 ናት፣ ራሟ (ክፍት ያለውን ሥራ የምትይዝበት ጊዜያዊ ማስታወሻዋ) 4 ጂቢ፣ ሃርድ ዲስኳ ያው የድሮው የሚሽከረከረው ዓይነት 500 ጂቢ። ለየብቻ አካውንት ከፍተናል ምክንያቱም እኔ ለሱቆች ሂሳብ ስለምሰራ ፒችትሪዬን (የሂሳብ ፕሮግራሜን) ማንም እንዲነካካብኝ አልፈልግም፣ እሱ ደግሞ ክሮም ላይ የማይከፍተው ነገር የለም። ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ እሱ ሲጠቀም ቆይቶ ወደኔ ስቀይር ፓስወርዴን አስገብቼ ዌልካም የሚለው ላይ ክቧ ትዞራለች ትዞራለች ከዛ ስክሪኑ ጥቁር ይሆንና የማውሷ ቀስት ብቻ ትቀራለች፣ አንዳንዴ እሷም አትላወስም። ያለኝ አማራጭ ማጥፊያውን ተጭኜ ይዤ ማጥፋት ነው። ስትነሳ ምንም እንዳልሆነች ትሰራለች። በአንድ አካውንት ብቻ ከዋልን ቀርፋፋ ናት እንጂ አትደርቅም። አንድ ጥገና ቤት አሳየኋት፣ ማዘርቦርዷ ነው መቀየር አለበት አሉኝ፣ ዋጋውን ስሰማ ይዣት ተመለስኩ። ነገሩም አልዋጥልኝ አለ።

ቡና_ጠጪ፦
ፎርማት አርጊያት በቃ ይለቃታል። ወይ ዊንዶውስ 11 ጫኚባት፣ 10ሩ እንደሆነ እንደ ፈረንጅ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ማይክሮሶፍት መደበኛ ድጋፉን አቁሞለታል።

ሽቦ_በጣሽ፦
ኧረ ቡና ጠጪ ለሁሉም ነገር ፎርማት 😅 ሰውየዋ የሰው ሂሳብ ይዛለች እኮ። 11ም ቢሆን ዝቅተኛው የሚፈልገው ራም ራሱ 4 ጂቢ ነው፣ እዚህች ላፕቶፕ ላይ ተጭኖ ሊፈጥን አይችልም።

እህቴ፣ ማዘርቦርድ ቢሆን ኖሮ አካውንት እስክትቀይሪ አይጠብቅም ነበር፣ ፊልም እያየሽም እየጻፍሽም በዘፈቀደ ነበር የሚደርቀው። ያንቺ ግን ስትቀይሩ ብቻ ነው፣ ስለዚህ መጀመሪያ ወንድምሽ እንዴት ነው የሚወጣው የሚለውን ጠይቂ። ስዊች ዩዘር ብሎ ከሆነ የከፈተው ነገር አልተዘጋም፣ ክሮሙ ቴሌግራሙ ጌሙ ሁሉ ከጀርባ ራም እንደያዘ ነው። ተከራዩ ዕቃውን ሳያወጣ ሌላ ተከራይ እንደማስገባት ነው በይው። 4 ጂቢ ላይ ዊንዶውስ ራሱ ሩቡን ግማሹን ወስዶ በተረፈችው ላይ ሁለት ሰው ሲገባ ራሙ ይሞላል፣ ሲሞላ ትርፉን ሃርድ ዲስክ ላይ እየጻፈ ያነባል፣ ያ የሚሽከረከረው ዲስክ ደግሞ ለዚህ አይሆንም፣ መቶ ፐርሰንት ይደርስና ሁሉ ነገር እሱን ይጠብቃል። አንቺ ደረቀች የምትያት ብዙ ጊዜ ወረፋ ላይ ናት።

መለየት ትችያለሽ። ስክሪኑ ሲጠቁር ካፕስ ሎክን ንኪ፣ መብራቷ በራ ጠፋ ካለች ወይ የዲስኳ መብራት ብልጭ ድርግም የምትል ከሆነ በህይወት አለች፣ ተያት ትንሽ ትቆይ። የዊንዶውስ ምልክት ያለባትን ቁልፍ፣ ኮንትሮል፣ ሺፍት እና የ B ፊደሏን አንድ ላይ ስትጫኚ ስክሪኑ ብልጭ ብሎ ከተመለሰ ግን ጥርጣሬው ወደ ግራፊክስ ድራይቨሩ (ስክሪኑን የሚያሰራው ሶፍትዌር) ይሄዳል፣ ያኔ ከላፕቶፑ አምራች ድረገጽ አውርደሽ ድራይቨሩን እንደገና መጫን ነው። ካፕስ ሎክም ምንም ካላለ ሌላ ነገር እናያለን።

ለማረጋገጥ፣ እሱ ሳይወጣ በቀስታ ወዳንቺ ቀይሪና ስትገቢ ኮንትሮል ሺፍት ኤስኬፕ ብለሽ ታስክ ማናጀርን ክፈቺ፣ ዩዘርስ የሚለው ታብ ላይ ማን ስንት ራም እንደያዘ ለየብቻ ያሳይሻል።

የፒችትሪ_ልጅ፦
እኔ የምጨምረው አንድ ነገር ነው ግን ዋናው እሱ ነው። ፒችትሪ ክፍት እያለ ማጥፊያውን ተጭነሽ አትያዢ!! ዳታው ሲጻፍ መሃል ላይ ከተቋረጠ ካምፓኒው (የሱቁ የሂሳብ ፋይል) አልከፈትም ሊልሽ ይችላል፣ ወር መዝጊያ ላይ ደግሞ አስቢው። ወንድምሽም ቀይሮ ሲገባ ያንቺ ፒችትሪ ከጀርባ ክፍት ነው፣ እሱ ጋ ደርቆ እሱ ሲያጠፋው የሚጎዳው ያንቺ ፋይል ነው። ስለዚህ ከመነሳትሽ በፊት ዝጊው፣ ፋይል ሜኑ ውስጥ ባክ አፕ የሚለውን ይዘሽ ፍላሽ ላይ አስቀምጪ፣ ያውም እዛው ላፕቶፕ ላይ አይደለም።

ቡና_ጠጪ፦
እሺ ፎርማቱን ትቻለሁ 😂 ግን ማታ ሸት ዳውን ካረጉት ጠዋት ንጹህ ሆና አትነሳም እንዴ?

ሽቦ_በጣሽ፦
ሁለቱንም አካውንት ያስወጣል አዎ፣ ግን ፋስት ስታርታፕ የሚባለው ካልተዘጋ ከርነሉን (የዊንዶውስን እምብርት) እና ድራይቨሮቹን ዲስክ ላይ አስተኝቶ ጠዋት እነዛኑ ነው የሚያነሳው። የተበላሸ ድራይቨር ካለ አብሮ ይነሳል ማለት ነው። ከስር የሚያጸዳው ሪስታርት ነው፣ ስሙ ቀላል ስለሚመስል ሰው ይንቀዋል።

ሂሳብ_ሰሪዋ፦
ተባረኩ ሁላችሁም። ያላችሁትን አረኩ። የወንድሜ አካውንት ብቻውን ከ2 ጂቢ በላይ ይዞ ነው ያገኘሁት እሱ እንኳን እቤት በሌለበት 😳 ዲስኩ 100 ላይ ቆሟል፣ ካፕስ ሎኳም ትበራለች። አድሚኗ እኔ ስለሆንኩ እዛው ታስክ ማናጀር ላይ ስሙን ራይት ክሊክ አርጌ ሳይን ኦፍ አልኩት፣ ወዲያው ተነፈሰች። አሁን ግን ሌላ ጣጣ መጣ፣ ሳይን አውት እያልክ ውጣ ስለው ታቦቼ ይጠፉብኛል ብሎ አኩርፏል። ሴቭ ያላረገው ነገርም ነበረው መሰለኝ። ራም ልጨምርላት ብልስ?

ሽቦ_በጣሽ፦
ሰውን በግድ ሳይን ኦፍ ስታረጊ ሴቭ ያላረገው ይጠፋል፣ እዚህ ላይስ ልጁ እውነቱን ነው። ስለ ራም፣ ታስክ ማናጀር ውስጥ ፐርፎርማንስ ከዛ ሜሞሪ የሚለው ላይ ስሎት 1 ከ2 የሚል ካየሽ ሁለተኛውን ክፍት ቦታ ትጠቀሚበታለሽ። መርካቶም ሆነ መገናኛ ከመሄድሽ በፊት ዓይነቱን እወቂ፣ ዲዲአር3 ላፕቶፕ ላይ ዲዲአር4 አይገባም፣ ዲዲአር3 ከሆነች ደግሞ ኤል ያለበትን በ1.35 ቮልት የሚሰራውን ውሰጂ፣ አንዳንዶቹ ላፕቶፖች ያለ ኤሉን አይቀበሉም። አሮጌውን ራም ነቅለሽ ይዘሽ ብትሄጂ ከክርክር ትድኛለሽ። ብሩ ለአንድ ነገር ብቻ ከበቃ ግን እኔ ኤስኤስዲውን (የማይሽከረከረውን ፈጣኑን ዲስክ) ነው የማስቀድመው፣ ራሙ ቢሞላ እንኳ ወረፋው ያጥራል፣ ያለውን ዊንዶውስም ፒችትሪውም ሳይነካ ክሎን ተደርጎ (እንዳለ ተገልብጦ) ይዞርልሻል። ክሎን ከመደረጉ በፊት ባክ አፑ ፍላሽ ላይ ይኑር።

የፒችትሪ_ልጅ፦
ለታቦቹ፣ ክሮም ሴቲንግ ውስጥ ኦን ስታርታፕ የሚለው ስር ካቆምክበት ቀጥል የሚለውን ምረጪለት፣ ሳይን አውት ብሎ ሲመለስ ሁሉም ይከፈቱለታል። እዛው ሴቲንግ ሲስተም የሚለው ውስጥ ክሮም ሲዘጋም ከጀርባ ይስራ የምትለዋን አጥፊያት።

ሂሳብ_ሰሪዋ፦
አሳየሁት፣ ታርቀናል። ኤስኤስዲውን ደሞዝ ሲወጣ እገዛለሁ፣ ግማሹን እሱ ይከፍላል ብያለሁ እሱ ግን ገና አልሰማም።