81 ዓመት የቀረው ሊዝ፦ አሁን ላራዝም ወይስ ልጠብቅ?

ጥያቄ፦ ለንደን ውስጥ በሊዝ የያዝኩት አፓርታማ የቀረው ዘመን 81 ዓመት ነው። ባለይዞታው (የሕንጻውና የመሬቱ ባለቤት) በስምምነት ወደ 125 ዓመት ሊያራዝምልኝ ፈቃደኛ ቢሆንም፣ ዓመታዊው የመሬት ኪራይ እንደሚቀጥል ገልጾልኛል። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው ሕግ 990 ዓመት እንደሚፈቅድ ስለሰማሁ፣ መጠበቅ ይሻለኛል?

መልስ 1፦ እኔ ብሆን አልጠብቅም። እ.ኤ.አ. በ1993 በወጣው የሊዝ ማራዘሚያ ሕግ መሠረት በቀረዎት ዘመን ላይ 90 ዓመት ይጨመርልዎታል፤ ኪራዩም ዜሮ ይሆናል። ማመልከቻው በሚቀርብበት ቀን ዘመኑ ከ80 ዓመት በታች ከወረደ ግን፣ በማራዘሙ ምክንያት ከሚፈጠረው የዋጋ ጭማሪ ግማሹ ለባለይዞታው ስለሚከፈል ወጪዎ በብዙ ይንራል። አዲሱ ሕግ ይህን ክፍያ ያስቀራል፤ ሆኖም ይህን ስጽፍ ያ ድንጋጌም ሆነ የ990 ዓመቱ ሥራ ላይ አልዋሉም። ከጥር 2025 መጨረሻ ጀምሮ የተሰረዘው፣ ከማመልከትዎ በፊት ንብረቱን ለሁለት ዓመት የመያዝ ቅድመ ሁኔታ ብቻ ነው።

መልስ 2፦ የቀረበልዎትን ስምምነት ጠበቃ ሳያየው አይፈርሙ። እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣው የመሬት ኪራይ ሕግ መሠረት በስምምነት ሲራዘምም ኪራይ ሊጠየቅ የሚችለው ለቀሪው 81 ዓመት ብቻ ነው፤ እየጨመረ የሚሄድ ኪራይ ተሸሽጎ እንዳይገባ መመርመር ያስፈልጋል። በስምምነት ሳይሆን በ1993ቱ ሕግ መንገድ ከሄዱ ደግሞ የባለይዞታውን ተገቢ የግምትና የጠበቃ ወጪ እርስዎ እንደሚሸፍኑ ያስቡበት።

ጠያቂው፦ በዋጋው ባንስማማስ?

መልስ 1፦ በ1993ቱ ሕግ ካመለከቱ፣ ባለይዞታው ለማመልከቻዎ የሚሰጠው የመልስ ማስታወቂያ ከደረሰዎት ሁለት ወር በኋላ፣ ስድስት ወር ሳይሞላ፣ የንብረት ክርክሮችን ለሚያየው ልዩ ፍርድ ቤት ያመልክቱ፤ ቀኑ ካለፈ ጥያቄዎ እንደተተወ ይቆጠራል።