«ፍላይ ባይ ዋየር»ን በአማርኛ ምን እንበለው?

ጥያቄ፦ ስለ አሜሪካው ተዋጊ ጄት ኤፍ 16 የመጀመሪያ ሙከራዎች አንድ ጽሑፍ እየተረጎምኩ ነው። «ፍላይ ባይ ዋየር»ን «በሽቦ መብረር» ብለው ያስኬዳል? «ሳይድስቲክ»ስ?

መልስ፦ እህቴ፣ «በሽቦ መብረር» ይቅርብሽ። ሽቦ ሲባል ቶሎ የሚታየን የብስክሌት ፍሬን ሽቦ ነው፤ ሲስቡት የሚሳብ። እሱ እኮ የድሮው አሠራር ነው! ፓይለቱ መሪውን ሲስብ የብረት ገመዱ እስከ ጅራት ድረስ ይሳባል። በአዲሱ ግን እጅ ያዛል እንጂ አይስብም። ትእዛዙ በኤሌክትሪክ ወደ ኮምፒውተር ይሄድና ክንፉና ጅራቱ ላይ ያሉት ተንቀሳቃሽ ክፍሎች ምን ያህል እንደሚታጠፉ እሱ ይወስናል። ናሳ እ.ኤ.አ. በ1972 ኤፍ 8 በተባለ ጄት ላይ ይህን ሲሞክር የተጠቀመው ለጨረቃ ጉዞ የተሠራውን የአፖሎን ኮምፒውተር ነው። ስለዚህ «በኤሌክትሪክ ትእዛዝ መብረር» ብትዪ ይረዝማል እንጂ አያሳስትም።

ሳይድስቲክን፣ ማለትም ፓይለቱ በጎኑ ይዞ አውሮፕላኑን የሚያዝበትን አጭር ዘንግ፣ «የጎን እጀታ» በዪው። «መሪ» ካልሽ አንባቢ የመኪና መሪ ይመስለዋል። የዋይኤፍ 16 (የኤፍ 16 የሙከራ ናሙና) እጀታ ደግሞ ጉድ ነበር፣ ጭራሽ አይነቃነቅም። የሚለካው የእጅን ግፊት ብቻ ስለሆነ ፓይለቱ ምን ያህል እንዳዘዘ እጁ አይነግረውም። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 20 ቀን 1974 ካሊፎርኒያ፣ ኤድዋርድስ የአየር ኃይል ጣቢያ ላይ የሙከራ ፓይለቱ ፊል ኦስትሪቸር አውሮፕላኑን መሬት ለመሬት በፍጥነት ሊያስሮጠው ብቻ ነበር የወጣው። አፍንጫው ብድግ ሲል አውሮፕላኑ ግራ ቀኝ መንገዳገድ ጀመረ። እሱ ለማቃናት ባዘዘ ቁጥር ባሰበት፣ የጅራቱ ክንፍም አስፋልቱን ፋቀው። ከመንገዱ ሊወጣ ሲል ሰውየው ምርጫ አጣና አስነሳው፤ 6 ደቂቃ ያህል በሮ በሰላም አረፈ። የታቀደው የመጀመሪያ በረራ ገና ፌብሩዋሪ 2 ላይ ነበር። በኋላ እጀታው ትንሽ እንዲነቃነቅ ተደረገ።

ሌላ ጥያቄ፦ ታዲያ ሁለቱ ቃላት አንድ አይደሉም? የእኛ አየር መንገድ ኤርባሶች ላይ ያለውም ይኸው አይደል?

መልስ፦ ኤ350 ላይ ሁለቱም አሉ፣ እጀታው ግን በደንብ ይንቀሳቀሳል። ቦይንግ 787ን እይ እስቲ፦ እሱም በኤሌክትሪክ ትእዛዝ ነው የሚበረው፣ ሆኖም ፓይለቱ ፊት ለፊት የቆየው መሪ እንዳለ አለ። ስለዚህ አንዱን በሌላው ተክታችሁ አትተርጉሙ።