የዕቅድ ውይይት፦ ኦክስጅን እየወሰዱ ስፖርት መሥራት፣ የጋራ ረቂቃችን

አስተባባሪ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው ስብሰባ የተነሳውን ሐሳብ ወደ ጽሑፍ እናምጣው። የመጀመሪያው ረቂቅ አንድ መስመር ነው፦ «ለስኳር ሕሙማን አባላት በስፖርት ሰዓት የሚያገለግል የኦክስጅን ሲሊንደር ይገዛ።» የመሰላችሁን ጻፉ።

ሐሳቡን ያቀረቡ አባል፦
ዓይነት 2 ስኳር ከያዘኝ 11 ዓመቴ ነው። በሳምንት አራት ቀን እራመዳለሁ። ያም ሆኖ ደረጃ ስወጣ እግሬ ይዝላል፣ እኩዮቼ እያወሩ ያልፉኛል። ኦክስጅን ቢጨመርልኝስ ያልኩት ለዚህ ነው።

ነርስ አባል፦
ጋሼ፣ ድካምዎ እውነት ነው። ዓይነት 2 ስኳር ያለበት ሰው ሌላ የልብ ሕመም ባይኖርበትም፣ በስፖርት ጊዜ ሰውነቱ ሊጠቀም የሚችለው ከፍተኛ የኦክስጅን መጠን ዝቅ እንደሚል በተደጋጋሚ ተለክቷል። ጉድለቱ ግን ብዙውን ጊዜ ሳንባ ላይ አይደለም። ሳንባው ደህና የሆነ ሰው ተራውን አየር ስቦ፣ ማለትም 21 በመቶ ኦክስጅን ይዞ፣ ሄሞግሎቢኑ፣ ማለትም ደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ነገር፣ ከ95 በመቶ በላይ ይሞላል። የሞላ እንስራ ላይ ውኃ ቢጨምሩበት ይፈሳል እንጂ አይዝም። የሚጎድለው ማድረሱ ነው፤ ቀጫጭኖቹ የደም ሥሮች እንደሚገባው አይከፈቱም፣ ጡንቻውም የደረሰውን በደንብ አይጠቀምበትም።

ሐሳቡን ያቀረቡ አባል፦
ገባኝ ልጄ። በደሙ ውስጥ ሟሙቶ የሚሄደውስ? እሱ አይጨምርም?

ነርስ አባል፦
ይጨምራል፣ ግን ጥቂት ነው። ያ ጥቂት ጡንቻው ላይ ለውጥ ያመጣል ወይ? እንግዲህ ረቂቃችን ይህን ይጠይቅ። «ይገዛ» ሳይሆን «ይፈተን» እንበል።

የላቦራቶሪ ባለሙያ፦
እስማማለሁ፣ አንድ ነገር ግን አደራ እላለሁ። አንዳንድ የስኳር መለኪያ ስትሪፖች፣ ማለትም የደም ጠብታ የምናስነካቸው ቁርጥራጮች፣ ግሉኮስ ኦክሲዴዝ በሚባል ኢንዛይም ይሠራሉ። ደም ውስጥ ኦክስጅን በጣም ሲበዛ እነዚህ ከእውነተኛው ያነሰ ቁጥር ሊያሳዩ ይችላሉ። ሰውየው ስኳሩ ሳይወርድ ወረደ ብሎ ጣፋጭ ይወስዳል። እኛም «ኦክስጅን ስኳር ያወርዳል» ብለን የሌለ ውጤት እናወራለን። ግሉኮስ ዲሃይድሮጅኔዝ የሚባለውን ሌላ ኢንዛይም የሚጠቀሙት ይህ ችግር የለባቸውም። ስለዚህ የስትሪፑ ዓይነት በስሙ ረቂቁ ውስጥ ይግባ፤ ሁሉም ሰው በአንድ ዓይነት ይለካ።

ጣት ላይ ተደርጎ የደምን ኦክስጅን የሚለካው ኦክሲሜትርም ይሳሳታል። ጣት ሲቀዘቅዝ ወይም ደም በደንብ ሳይደርሰው ቁጥሩ አይታመንም። በ2020 የወጣ ጥናት ደግሞ መሣሪያው የተደበቀ የኦክስጅን እጥረትን በጥቁር ሕሙማን ላይ ከነጮቹ ሦስት እጥፍ በሚጠጋ መጠን እንደሚስት አሳይቷል። በአንድ ንባብ ብቻ ሰው «ደህና ነው» አይባል።

ዓይነት 1 ያለባት አባል፦
እኔ ነርቬ ስለተጎዳ ስሮጥ የልብ ምቴ እንደሌላው ሰው አይጨምርም። ድካምን በልብ ምት ብቻ ከለካችሁ እኔን የመሰለ ሰው ይቀራል። ሰው ድካሙን ራሱ በቁጥር በሚገልጽበት፣ ከ6 እስከ 20 ባለው የቦርግ መለኪያ «ምን ያህል ከበደሽ?» ተብሎ ይጠየቅ።

አስተባባሪ፦
ተቀብያለሁ። አዲሱ ረቂቅ እንዲህ ይሁን፦

«እያንዳንዱ ተሳታፊ በሁለት የተለያዩ ቀናት በአንድ ዓይነት ብስክሌት፣ በአንድ ዓይነት የፔዳል ክብደት ይሠራል። አንድ ቀን ኦክስጅን፣ አንድ ቀን ተራ አየር ይወስዳል፤ ቅደም ተከተሉ በዕጣ ይወጣል። ሲሊንደሮቹ ይሸፈናሉ፤ ተሳታፊውም ለኪውም የትኛው እንደሆነ አያውቁም። ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ከመጀመሩ በፊት ስኳሩ በሚሊግራም በዴሲሊትር ሲለካ ከ90 በታች ከሆነ መጀመሪያ ምግብ ይቀምሳል፤ ከ250 በላይ ከሆነ ኪቶን (ሰውነት ስብ ሲያቃጥል የሚፈጠር፣ ሲበዛ አደገኛ የሆነ ነገር) ይለካል። ከ70 በታች ከወረደ ሥራው ወዲያው ይቆማል።»

በቅድመ ምርመራ ሲራመድ ኦክስጅኑ የሚወርድበት ሰው ወደ ሐኪም ይላካል እንጂ ጥናቱ ውስጥ አይገባም። ኦክስጅን መድኃኒት ነው፤ የሚያዘው ሐኪም ነው። እሳትና ሲጋራም አጠገቡ አይደርሱም።

ነርስ አባል፦
የሥነ ምግባር ኮሚቴ ሳያጸድቀው አንድም ሰው ብስክሌት ላይ አይውጣ። ማመልከቻውን እኔ እጽፋለሁ።

ሐሳቡን ያቀረቡ አባል፦
የኔን መስመር ሰርዙት፣ አልከፋም። ሲጀመር ግን ስሜን መጀመሪያ መዝግቡልኝ።