ያገለገለ ቪታራ ለባሌ መንገድ፦ ብራችሁን መጀመሪያ የት ላይ ታውሉት? (ጥቆማ)

ሰሞኑን ሦስት ሰው አንድ ዓይነት ጥያቄ ጠየቀኝ። "ያገለገለ ሱዙኪ ቪታራ ገዝቻለሁ፤ ባሌ መውጣት ፈልጌያለሁ፤ ምን ላስገጥምላት?" ሦስቱም ቀድመው ያሰቡት መኪናዋን ከፍ ማስደረግ ነው። ከዚያ ጣሪያዋ ላይ ፓውዛ መደርደር። የእኔ ምክር ይለያል። መጀመሪያ ጎማ። ቀጥሎ የመኪናዋ ሆድ። ከዚያ ጭቃ ውስጥ ስትገቡ የሚያወጣችሁ ዕቃ። ከፍ ማስደረግ የመጨረሻው ነው። ፓውዛው ጭራሽ ቢቀር አትጎዱም፤ የማታውቁትን የገጠር መንገድ በጨለማ ከመንዳት ማደር ይሻላል።

ዋጋ አልጽፍም። የብር ምንዛሪ ከሐምሌ 2016 ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የመለዋወጫ ዋጋ ቶሎ ቶሎ ይቀያየራል። ዛሬ የምጽፈው ለወር አይሆናችሁም። በዚያው ዓመት የነዳጅ አውቶሞቢል ከውጭ ማስገባት ስለታገደ ደግሞ በእጃችን ያለችውን መኪና ተንከባክበን መያዝ ግድ ነው።

የእኔ 2008 ሞዴል ግራንድ ቪታራ ናት። ባለ አምስት በር፣ 2 ሊትር፣ ቤንዚን። "ከቶዮታ ራቭ ፎር በምን ትለያለች?" ይሉኛል። ልዩነቱ ዳሽቦርዱ ላይ ያለችው የምትዞር ቁልፍ ናት። የእኔ ዓይነቷ ቪታራ በአራቱም ጎማ ሁልጊዜ ትሄዳለች፤ ቁልፏን ስታዞሩ ደግሞ 4ኤል ሎክ የሚባል ከባድ ማርሽ (ፍጥነት ቀንሶ ጉልበት የሚጨምር፣ የፊትና የኋላ ጎማዎችንም አንድ ላይ የሚቆልፍ) ትሰጣችኋለች። በዚያው ዘመን የተሠራው ራቭ ፎር ሎክ የሚል ቁልፍ አለው፤ ከባድ ማርሽ ግን የለውም። ለኮረኮንች ራቭ ፎር ይበቃል። ጭቃማ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሳትረግጡ በሞተር ብቻ ቀስ ብላችሁ መውረድ ስትፈልጉ ግን ቪታራ ሌላ ናት። በመለዋወጫ ራቭ ፎር ይበልጣል። የቶዮታ ወኪሉ ሞኤንኮ ኦሪጅናሉን ይሸጣል፤ ሶማሌ ተራ ደግሞ የቶዮታ ዕቃ አይጠፋም። ለቪታራ አንዳንዴ ሁለት ሦስት ቀን መፈለግ አለ።

ገና ያልገዛችሁ ከሆነ ይህቺን ሙከራ ሳታደርጉ ብር እንዳትከፍሉ። መኪናዋን አቁሙ፣ ማርሹን ባዶ አድርጉ፣ ቁልፏን ወደ 4ኤል አዙሩ። ዳሽቦርዱ ላይ መብራቷ በርታ ከጸናች ደህና ነው። ብልጭ ድርግም እያለች ከቀረች ማርሹ አልገባም። ከተማ ውስጥ የኖረች ቪታራ ብዙ ጊዜ ይህ ቁልፏ ለዓመታት ሳይነካ ይቆይና ይደርቃል። ባለ ሦስት በሯ 1.6 ውስጥ ደግሞ ጭራሽ ይህ ማርሽ የሌላት አለች። እና ሎኩን ደረቅ አስፋልት ላይ አትጠቀሙበት፤ ዲፈረንሻሉን ይጎዳል።

አሁን ወደ ጎማ። ዋናው ነገር ይህ ስለሆነ ረዘም አደርገዋለሁ።

የመጀመሪያ ጎማዬን የገዛሁት ርካሽ ብለው ከነገሩኝ አንድ ሱቅ ነው። አራቱም ጥቁር በጥቁር፣ ያብረቀርቃሉ። ጥርሳቸው ሙሉ ነው። "አዲስ ነው" አሉኝ፤ አመንኩ። በሦስተኛው ጉዞ አንደኛው በጎኑ በኩል ተሰነጠቀ። ጎሚስታው አወረደውና በእርጥብ ጨርቅ ጠረገው። ከዚያ በጣቱ አራት ቁጥሮች አሳየኝ። መጨረሻ ላይ 14 ይላል። እኔ የገዛሁት በ2021 ነው (ሁለቱም በፈረንጆች አቆጣጠር)። ሰባት ዓመት መጋዘን የተቀመጠ ጎማ ቀለም ተቀብቶ ነው የተሸጠልኝ።

ስለዚህ ጎማ ስትገዙ ጎኑ ላይ ዲኦቲ (DOT) ከሚለው ጽሑፍ ጫፍ ያሉትን አራት ቁጥሮች አንብቡ። 2319 ካለ በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። አራቱንም ለየብቻ እዩ፤ ቀላቅለው ይሰጣሉ። ቁጥሩ የተፋቀ ከሆነ ጥላችሁ ውጡ። ከሁለት ዓመት በላይ የቆየ አልገዛም።

ዓይነቱን በተመለከተ፣ ለአስፋልትም ለኮረኮንችም የሚሆነውን፣ ኤቲ የሚባለውን ውሰዱ። ኤምቲ የሚባለው ትልልቅ ጥርስ ያለው ለጭቃ ግሩም ነው፤ ግን ከአዲስ አበባ ጎባ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ አብዛኛው ደግሞ አስፋልት ነው። እየጮኸ፣ ነዳጅ እየጠጣ፣ ዝናብ ላይ እየተንሸራተተ ያደርሳችኋል። ዮኮሃማ ጂኦላንደርን ሁለት ጊዜ ገጥሜዋለሁ፤ ሁለተኛውም ከመጀመሪያው አላነሰም። የቻይናዎቹ ውስጥ ጥሩ አሉ፤ እነሱ ላይ ከብራንዱ ይልቅ የተሠራበትን ቀን ነው የማየው።

ልኩን በትንሹ ማሳደግ ይቻላል። የፋብሪካው 225/70አር16 ነው። እኔ 225/75አር16 አስገባሁ። መኪናዋ በ1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከፍ አለች፤ ያለ ምንም ስፔሰር (ሞላው ላይ የሚጨመር ማስረዘሚያ)። ፍጥነት መቁጠሪያው 100 ሲል በእውነት 103 ነው የምትሄዱት፤ ይህን አስታውሱ። ከማስገጠማችሁ በፊት መሪውን ጫፍ ድረስ አዙራችሁ ጎማው ፓራፋንጎውን እንደማይነካ አረጋግጡ።

የመኪናዋ ሆድ። ድንጋይ ቀድሞ የሚያገኘው ኮፓውን፣ ማለትም ከሞተሩ ሥር ያለውን የዘይት መያዣ ነው። ኮፓ ተቀዶ ዘይት ከፈሰሰ ጉዞው እዚያው አለቀ። ዝግጁ የሆነ መከላከያ ለቪታራ አዲስ አበባ ውስጥ አላገኘሁም፤ ስለዚህ ብየዳ ቤት ነው ያሠራሁት። ሁለት ቦታ አሠርቻለሁ። የመጀመሪያው ልጅ ፈጣን ነው፤ ግን ላሜራውን ሻንሲው ላይ በየደው። ዘይት ልቀይር ስል የኮፓው መፍቻ ቡሎን ተሸፍኗል። መልሼ በግራይንደር አስቆረጥኩት። ሁለተኛው ቄራ አካባቢ ያለ ሽማግሌ በያጅ ነው። መጀመሪያ በካርቶን ልክ ወሰደ። ከዚያ የዘይት ማፍሰሻውን ቀዳዳ አወጣ። ከፊት ጠርዙን ወደ ላይ አጠፈው፣ ድንጋይ እንዳይዘው። በስድስት ቡሎን አሰረው። ላሜራው ሻንሲውን እየመታ እንዳይንጫጫ ደግሞ ከአሮጌ ጎማ የተቆረጠ ቁራጭ መሀል አስገባ፤ የበረባሶ ሠሪዎቹ የሚጠቀሙበት ዓይነት። ባለሙያ ስትመርጡ "በምን ታስረዋለህ?" ብላችሁ ጠይቁ። "በብየዳ" ካለ ሌላ ጋ ሂዱ።

3 ሚሊ ሜትር ላሜራ በካሬ ሜትር ወደ 24 ኪሎ ይመዝናል። 6 ሚሊ አሉሚኒየም 16 ኪሎ ነው፣ አይዝግም፣ ግን ይወደዳል፤ የሚበይደውም ባለሙያ ጥቂት ነው። ላሜራው ይበቃል። መኪናዋ ላይ ማንኛውም ብየዳ ከመሠራቱ በፊት ግን ባትሪውን አስፈቱ፤ ኮምፒውተሯ ሊቃጠል ይችላል።

የመውጫ ዕቃ በአጭሩ። በባትሪ የሚሠራ የንፋስ መሙያ፣ የቲዩብለስ መድፈኛ፣ ወፍራም መጎተቻ ገመድ ከሁለት ጥሩ ጋንጮ ጋር፣ አካፋ፣ ከክሪክ ሥር የሚነጠፍ ጣውላ። ንፋስ መሙያውን በቀጥታ ባትሪው ላይ በሚቆነጥጠው ዓይነት ግዙ፤ ሲጋራ ማቀጣጠያው ላይ የሚሰካው ፊውዝ ይበላል። የምትፈልጉት ለምን መሰላችሁ? ኮረኮንች ላይ ንፋሱን ወደ 22 ፒኤስአይ ስታወርዱ መኪናዋ ትለሰልሳለች፣ ጎማውም ይይዛል። አስፋልት ስትደርሱ መልሳችሁ ትሞላላችሁ። ከገዛኋቸው ዕቃዎች ሁሉ በጣም የተጠቀምኩበት ይህ ነው። ገመዱን ፓራውልት ላይ አትሰሩ፤ ሰውም ከገመዱ አጠገብ አይቁም።

ከፍ ማስደረግ የግድ ካላችሁ ሁለት መንገድ አለ። ቶርኖ ቤት ስፔሰር ማስቀረጽ ርካሽ ነው፤ ግን ያረጀውን ሞላ ያረጀ እንደሆነ ይተወዋል። አዲስ ሞላና ሾክ አብዞርበር መቀየር ውድ ነው፤ አነዳዷን ግን ይለውጠዋል። እኔ በመጀመሪያ አራቱንም ሾክ በካያባ ቀየርኩና ከፍ የማስደረግ ሐሳቡ ራሱ ቀረ፤ ለካ ሆዷን ያስነካኝ የደከመ ሾክ ነበር። ካደረጋችሁት ከ4 ሴንቲ ሜትር አትለፉ፤ የፊት አክስሏ ላስቲኮች ይቀደዳሉ። በዚያው ቀን ዊል አላይመንት አሠሩ። የቦሎ ምርመራ ላይም ጥያቄ እንዳያመጣባችሁ አስቡበት።

ፖርቶ መጋላ (ጣሪያዋ ላይ ያለው የዕቃ መጫኛ) ላይ ከባድ ነገር አትጫኑ። ድንኳንና ፍራሽ ይበቃዋል።

የባሌው መንገድ ራሱ ደግ ነው። ሮቤ ላይ ታንከሯን ሙሉ፤ 66 ሊትር ትይዛለች፣ በጄሪካን ቤንዚን ማግኘት ግን አስቸጋሪ ነው። ከጎባ ወደ ሳነቴ አምባ ስትወጡ ከ4,000 ሜትር በላይ ትደርሳላችሁ። እዚያ አየሩ ስስ ነው፤ ሞተሩ ጉልበት ያጣል፤ አትደንግጡ፣ ማርሽ ቀንሱ። ቱሉ ዲምቱ ተራራ 4,377 ሜትር ነው፤ መንገዱ እስከ ጫፉ ያደርሳል። ከመንገዱ ግን አትውጡ፣ እለምናችኋለሁ። በዓለም ላይ ካሉት ቀይ ቀበሮዎች ከግማሽ በላይ የሚኖሩት ባሌ ተራሮች ላይ ነው፤ ጎማችን የሚያልፍበት ሣር የሚያድኑት አይጥ ጎጆ ነው። ከሳነቴ ወደ ሪራና ሐረና ጫካ ስትወርዱ ዝናብ ከነበረ 4ኤሏ የምትፈለግበት ቦታ እሱ ነው።

ባለፈው ከሐረና ተመልሼ ጎባ ስደርስ መኪናዋ ሥር ተኝቼ አየሁ። ላሜራው መሀል ላይ የጡጫ ያህል ጎድጉዷል፤ ልክ ከኮፓው ሥር። ከስድስቱ ቡሎን ሁለቱ ላልተዋል። የ14 ቁልፍ መኪና ውስጥ ስለነበረኝ እዚያው አጠበቅኳቸው። እናንተም ይህቺን ቁልፍ ያዙ።