የጣና ሞገድ እየተበላሸብኝ ነው፤ ቪዲዮውን እንዴት ላሳንሰው?

ሰላም ወገኖች። የእህቴን ሰርግ ባሕር ዳር፣ ጣና ዳርቻ ላይ በ4ኬ ቀርጬዋለሁ። ርዝመቱ 50 ደቂቃ፣ ፋይሉ 37 ጊጋባይት ገደማ ነው። ለዘመዶች በቴሌግራም ስለምልከው ከ2 ጊጋባይት በታች መውረድ አለበት።

ሀንድብሬክ በተባለው የቪዲዮ መቀየሪያ ፕሮግራም ወደ 1080 ጥራት፣ ኤች 264 ወደሚባለው የቪዲዮ መጭመቂያ ዓይነት ቀየርኩት። አርኤፍ (ሲጨምር ጥራቱም የፋይሉ መጠንም የሚቀንስበት ቁጥር) 20 ላይ ምስሉ ኩልል ያለ ነው፤ ግን 4 ጊጋባይት ሆነ። 27 ላይ መጠኑ ተስተካከለ። የሙሽሮቹ ፊት ደህና ነው፤ ውሃው ግን ሞገዱ ጠፍቶ አራት ማዕዘን በአራት ማዕዘን ሆነ። ከኋላቸው የሚያልፈው የደንገል ታንኳም ጠርዙ ደበዘዘ። ታንኳው እንዲበላሽ በፍጹም አልፈልግም። ከኤች 264 በኋላ የመጣው ኤች 265 መጠኑም ጥራቱም ጥሩ ነበር፤ የአባቴ ቴሌቪዥን ግን ድምፁን ብቻ እንጂ ምስሉን አያሳይም።

ታዲያ ኤች 264ን ሳልለቅ ውሃው እንዳይበላሽ ወደ 720 ላውርደው ወይስ 1080ን ይዤ ቢትሬቱን (በሴኮንድ የሚይዘውን የዳታ መጠን) ፕሮግራሙ መጀመሪያ ቪዲዮውን አይቶ ቀጥሎ በሚጨምቅበት የሁለት ዙር አሠራር ልወስን?